ከቢቸና ገበያ ዝቅ የሚለው ተራራ

ከቢቸና ተነሥቶ ብርድ ፍለጋ ተራራ የወጣ ሰው ከእኔ በፊት ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ይህን የጻፍሁትን እቀድደዋለሁ። የሚመጣ ግን አይመስለኝም። እኛ ብርድ ፈልገን አናውቅም። ብርዱ ራሱ ከጮቄ ተራራ ወርዶ፣ በር ሳያንኳኳ ገብቶ አብሮን ይተኛል። ሰው ነዳጅ አቃጥሎ፣ ምሳውን ቋጥሮ፣ ጃኬት ገዝቶ ብርድ ሲፈልግ ያየሁት ዱባይ ነው፤ እኔም አብሬ ሄድሁ። መንገዱን እንዳየሁት እጽፈዋለሁ፤ ለቢቸናም ለሞጣም ሰው፣ ዓባይን ተሻግሮ ለማያውቀው ጎረቤቴም።

አስቀድሞ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ስሜ ደምሌ ነው። በቢቸና ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ፣ በእግር በምትሽከረከር መኪና ልብስ እየሰፋሁ ነው ያረጀሁት። ትምህርት ቤት በደጁ አልፌያለሁ እንጂ ገብቼ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠሩኝም ግዕዝ ያቀመሱኝም የቅኔ ተማሪዎች ናቸው። የተቀደደ ልብሳቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እኔ እሰፋለሁ፣ እነሱ በዋጋው ፈንታ ቃል ይሰጡኛል። ለአንድ የጉልበት ቅዳድ አንድ ግስ። እንዲህ እያልሁ ሄጄ፣ ዛሬ ቄሶቹ ራሳቸው ሲጠራጠሩ ወደ በረንዳዬ ብቅ ይላሉ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ዱባይ የሄድሁት ለሽርሽር አልነበረም። ልጄ ስንዱ እዚያ ሆቴል ውስጥ ትሠራለች፤ ባሏ አላምረው የሞጣ ልጅ ነው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ስንዱ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ ይህን ለአገሬ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ባለቤቴ ጥሩዬ ጓዳውን አስለቅልቃ፣ አልጋውን ወደ ምድጃው አስጠግታ፣ «ይዘሃት ና» ብላ ላከችኝ። «ይዣት እመጣለሁ» አልኋት። እኔ ደግሞ ለቀን የቀጠርሁትን ልብስ በቀኑ ሳላደርስ ቀርቼ አላውቅም።

ዱባይ ስደርስ የአላምረው እናት እትየ ጠጄ ቀድመውኝ ከሞጣ መጥተዋል። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ፣ «ልጅቷ ሞጣ ነው የምትወልደው። ሆስፒታሉ ደጃችን ነው» አሉኝ።

«ቢቸና ባትኖር ሞጣ በየት በኩል ትገቡ ነበር?» አልኋቸው።

«በባሕር ዳር።»

የመመለሻዬ ቀን ማክሰኞ ነው፤ ስንዱ አብራኝ እንድትሳፈር ለመንኋት፣ ከዚያም አዘዝሁ። እሺም እምቢም አላለችኝም። አላምረው አንገቱን ያክና፣ «አባባ፣ ቅዳሜና እሑድን ተራራ ወጥተን ብንመጣስ? ብርድ አለ» ይለኛል። ነገር እንደ ተደበቀኝ አውቄአለሁ፤ ምን እንደሆነ ግን አላወቅሁም።

ዓርብ

ልጆቹ ከሥራ እንደ ወጡ ተነሣን። ከፊት አላምረውና እኔ፣ ከኋላ ስንዱና እትየ ጠጄ። ከከተማው ለመውጣት ብቻ ከቢቸና ደጀን የሚያደርስ ጊዜ ፈጀብን። መኪና ከመኪና ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ፣ ማንም ማንንም ሳይሰድብ ይሄዳል። ሕንፃዎቹን ለማየት አንገቴን አወጣሁ፤ ጫፋቸውን ሳላይ ታጠፍን። ያንን ሁሉ በአሸዋ ላይ ማቆማቸው ይደንቃል። በእኛ አገር በደኅና አፈር ላይ የቆመ ቤት እንኳ ክረምት ሲገባ ግድግዳው ይሰነጠቃል።

ጥቅምት ነበር፤ በእኛ ዘንድ ውርጭ የሚጀምርበት። እዚያ ሙቀቱ ገና አልተሰበረም። መኪናዋ ውስጥ ጮቄ ነው፤ መስታወቱን ዝቅ ሳደርገው የዓባይ በረሃ። ሁለቱን እያፈራረቅሁ ስሞክር እትየ ጠጄ ከኋላ፣ «አያ ደምሌ፣ ወይ ይክፈቱት ወይ ይዝጉት። አሸዋ በላሁ እኮ» አሉኝ።

ከከተማው ስንርቅ አሸዋው እየቀላ ሄደ። ግመሎች በሽቦ አጥር ውስጥ ይንጎራደዳሉ። አንድ ትልቅ ሰሌዳ ስናልፍ አላምረው «ራስ አል ኸይማ» ብሎ አነበበ።

«ራስ ያው የኛው ራስ ነው» አልሁ። «ኸይማ ደግሞ በግዕዝ ኀይመት ነው፣ ድንኳን። የድንኳን ራስ ማለት ነው።»

ስንዱ በስልኳ ፈለገችና፣ «ልክ ነዎት አባየ» አለች። ድምጿ ውስጥ መገረም ነበረበት፤ እሱ ትንሽ አስከፋኝ።

«ይህን ሁሉ ያወቁት አዝራር ሲተክሉ ነው?» አሉ እትየ ጠጄ።

«አዝራር ሲተከል የሚሠራው እጅ ነው። ጆሮ ሥራ ፈት ነው፤ ይማራል።»

ከዚያ ተራራው መጣ። ግንባሬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ስቀር ስንዱ ደንግጣ «አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ ስለማላውቅ ነው። ጮቄ ለብሶ ነው የቆመው፤ ገብስ አለው፣ ሣር አለው፣ ጅባራ አለው፣ ጧት ጭጋግ ይደርብበታል። ይህኛው ራቁቱን ነው። ከእግሩ እስከ ራሱ አንዲት ዛፍ፣ አንድ እፍኝ አፈር የለበትም፤ አጥንት ብቻ። ለልብስ ሰፊ ራቁት የቆመ ነገር ማየት ይከብዳል። ግን ምን ልበላችሁ፣ ራቁትነቱ አላሳፈረውም። ፀሐዩ ዘቅዘቅ ሲል ድንጋዩ መጀመሪያ ወርቅ መሰለ፣ ቆይቶ የጠጅ ቀለም ያዘ፣ በመጨረሻ እንደ ሐምራዊ ሐር ሆነ። በዕድሜዬ ብዙ ጨርቅ ቆርጫለሁ፤ ያንን ቀለም የያዘ ጣቃ ግን በእጄ ገብቶ አያውቅም። መንገዱ ደግሞ ከሥር ጀምሮ ዙሪያውን ይዞ፣ እንደ ጥሩ ስፌት አንድም ቦታ ሳይቋጠር ይወጣል። ያንን መንገድ የሠራውን ሰው እጁን ብጨብጠው ደስ ባለኝ።

ጎማው የፈነዳው ይህን እያልሁ ነው።

አላምረው መኪናዋን ወደ ዳር አወጣ። ትርፉን ጎማ ቢያወርደው እሱም ነፋስ የለውም። ስልኩን ወደ ሰማይ ቢያነሣው ገደሉ ይዞት መስመር የለም። ስንዱ ሆዷን ደግፋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እትየ ጠጄ «ሞጣ ቢሆን እስካሁን አሥር ሰው ደርሶልን ነበር» አሉ። እውነት ለመናገር ቢቸናም ቢሆን ይደርስልን ነበር፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ክርክር አላማረኝም።

ብዙ ሳንቆይ አንዲት አሮጌ ፒካፕ ከላይ ወርዳ አጠገባችን ቆመች። ከኋላዋ የደረቀ ሣር ተጭኗል። የወረዱት ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ በነጭ ረጅም ቀሚሳቸው ላይ ገበሩ የተንጠለጠለ ካፖርት ደርበዋል። ስንዱን አዩ፣ ጎማውን አዩ፣ ከመኪናቸው የውኃ ዕቃ አውጥተው ሰጧትና «ማይ» አሉ።

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ማይ! ይህ እኮ የእኛው ግዕዝ ነው። ያንን ቃል ያስተማረኝ ተማሪ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ቃሉ ግን ባሕር ማዶ፣ በራቁት ተራራ ላይ፣ በአንድ ዓረብ ሽማግሌ አፍ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ነው የሚሠሩት፤ ዓረብኛቸው ከሰላምታና ከምስጋና አያልፍም። ስለዚህ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አስተርጓሚው እኔ ሆንሁ።

ሽማግሌው ወደ ቤታቸው ወሰዱን። ቤቱ ከቋጥኝ ሥር የተለጠፈ፣ የድንጋይ ግንቡ ከተራራው የማይለይ ነው፤ ጎኑ አንድ የሲሚንቶ ክፍል ተጨምሮበታል። ደረታቸውን መትተው «አቡ ሰዒድ» አሉ፣ በር ላይ የቆሙትን ባለቤታቸውን አሳይተው «ኡም ሰዒድ»። «የሰዒድ አባትና የሰዒድ እናት ማለታቸው ነው፤ አብ እና እም» ብዬ ለሁሉም ተረጎምሁ። በእኛ አገር አቡነ የሚባሉት ጳጳስ መሆናቸውንም ጨመርሁ፤ ማንም አልሰማኝም።

ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። አቡ ሰዒድ ወደ እትየ ጠጄ ዞረው ከየት እንደ መጡ በእጃቸው ጠየቁ። እትየ ጠጄም አገራቸውን ለማስጠራት ማንም አይቀድማቸውም፤ ደረታቸውን ይዘው «ሞጣ፣ ሞጣ» አሉ። ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። ሁለቱን መዳፎቻቸውን ከፍተው ረዘም ያለ ጸሎት አደረሱ፣ ባለቤታቸውም መጥተው የእትየ ጠጄን ትከሻ ዳበሱ።

«አየህ፣ ሞጣ እዚህ ድረስ ትከበራለች» አሉ እትየ ጠጄ ለልጃቸው። እኔም ምን ልበል፣ ቀናሁ።

ስንዱ በጆሮዬ «አባየ፣ ወተት አማረኝ» አለችኝ። የእርጉዝ አምሮት ቀልድ አይደለም። ወደ ሽማግሌው ጠጋ ብዬ፣ ላም እንዳላቸው ልጠይቃቸው፣ በግዕዝ «ላሕም» አልሁ። ላሕም ላም ነው። እንዳይሳሳቱ ሁለት ጣቶቼን እንደ ቀንድ ጭንቅላቴ ላይ አቆምሁ፣ ቀጥዬም እንደማለብ አደረግሁና «ሐሊብ» አልሁ።

አቡ ሰዒድ ዓይናቸው በራ። «ላሕም!» አሉ ጉልበታቸውን መትተው። «ሐሊብ» ብለው ለሚስታቸው ነገሩና ራሳቸው ወደ ውጭ ወጡ።

«ተግባባን» አልሁ።

ወተቱ ወዲያው መጣ፣ የፍየል። ስንዱ በአንድ ትንፋሽ ጠጣችው። ቀጥሎ ከጓሮ የፍየል ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያም ዝም አለ። ከቆየ በኋላ በእኛ የእንጀራ ሞሶብ ልክ የሆነ ትሪ ሩዝና ሥጋ ተሸክሞ ገባ። አቡ ሰዒድ በሥጋው ላይ እጃቸውን ዘርግተው፣ በደስታ፣ «ላሕም» አሉኝ።

ለካ በእነሱ ዘንድ ላሕም ሥጋ ነው። ሽማግሌው የገባቸው፣ እንግዳው ቀንድ ያለው ነገር ሥጋ አማረው ነው። ካሏቸው ጥቂት ፍየሎች አንዷን አርደውልኛል። ቀኑ ደግሞ ዓርብ ነው፤ ከእርጉዟ ከስንዱ በቀር ሁላችንም ጾመኞች ነን። ዓርብ ባይሆንም እኛ ሙስሊም ያረደውን አንበላም፣ እነሱም እኛ ያረድነውን አይበሉም፤ በሞጣም በቢቸናም ይህ የማይታወቅበት ቤት የለም።

አላምረው አጎነበሰ። እትየ ጠጄ በጎን አዩኝ። «አያ ደምሌ፣ እንግዲህ በዚያው በግዕዝዎ ይመልሱልን» አሉ።

«ጾም» አልሁ። ይህ ቃል እንደማይከዳኝ አውቃለሁ።

አቡ ሰዒድ ወዲያው ገባቸው። «ሶም?» አሉና ፈገግ ብለው በመስኮት ውጭውን አሳዩኝ። ፀሐይ ጠልቃለች። የእነሱ ጾም ፀሐይ ስትጠልቅ ያበቃል፤ የእኛ ዓርብ ጀምበር ብትጠልቅም ሥጋ አይፈቅድም። ይህን ሁሉ በጣት ማስረዳት አይቻልም። ሽማግሌው ሥጋውን ቆርሰው ፊቴ አኖሩ፤ እኔ እጄን ሰበሰብሁ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ። እንግዳ የማይነካው ማዕድ ለባለቤቱ ምን እንደሆነ የጎጃም ሰው ይገባዋል።

ያን ጊዜ እትየ ጠጄ ተነሡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ፣ የውኃውን ጆግ አነሡና ለአቡ ሰዒድ እጃቸውን አስታጠቡ። ቀጥለው ትሪውን ወደ ሽማግሌው አስጠጉ፣ ከሥጋው ጥሩ ጥሩውን ለኡም ሰዒድ እየመረጡ አኖሩላቸው። በሞጣ በሙስሊም ጎረቤታቸው ሠርግ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ማዕዱን አይበሉትም፣ ግን ወገብ ታጥቀው ያሳልፋሉ። የማይበላ እንግዳ ሌላ ነው፣ የሚያሳልፍ ሰው ግን የቤት ሰው ነው። ኡም ሰዒድ ትንሽ አዩዋቸውና ሳቁ። ተነሥተው ለእኛ ትኩስ ቂጣ፣ ማርና ተምር፣ ምስር በሽንኩርት ይዘው መጡ። አቡ ሰዒድም ከዚያ በኋላ ደስ ብሏቸው በሉ።

የዚያን ምሽት አሸናፊ ሞጣ መሆኗን እጽፋለሁ፤ እኔ ሐቀኛ ጸሐፊ ነኝ።

ቅዳሜ

በጧት ማንም ሳይነሣ ወጣሁ። ብርድ ነው ያሉኝ ይህ ከሆነ፣ በቢቸና የግንቦት ጧት ነው፤ በሸሚዝ ቆምሁ። ግን የማየው ነገር አንቀጠቀጠኝ። ተራራ ከተራራ ኋላ ተደርድሯል፣ የኋለኛው ከፊተኛው እየሳሳ፣ የመጨረሻው ጭስ መስሎ። ድምፅ የለም። ወፍ የለም፣ ጅረት የለም፣ ውሻ የለም። በእኛ አገር ጸጥታ ሲባል እንኳ የሆነ ቦታ ደወል ይሰማል። እዚያ የራሴን ደም በጆሮዬ ሰማሁት።

አቡ ሰዒድ መጥተው እርሻቸውን አሳዩኝ። እርሻ ስል እንደኛ ጥንድ በሬ የሚዞርበት እንዳይመስላችሁ። አባቶቻቸው ድንጋይ ደርድረው፣ አፈሩን ከየስንጥቁ በእፍኝ ለቅመው ያከማቹባት ከእኔ በረንዳ ብዙም የማትሰፋ መደብ ናት። በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ ዝናብ ሲጥል ውኃው በቦይ ወደ ጕድጓድ ይወርዳል፣ ዓመቱን በእሱ ይኖራሉ። እኛ በየክረምቱ ጎርፍ ጠራርጎ ወደ ዓባይ የሚወስድብንን አፈር አሰብሁ። እነዚህ ሰዎች ከእኛ የአንድ ክረምት ጎርፍ ቢሰጣቸው ገነት ይሠሩበት ነበር። ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ለተራራ ይሁን ለሰው አላውቅም።

ወደ ቤት ስመለስ ኡም ሰዒድ ከስንዱ ጋር ደጅ ተቀምጠዋል። ሴትዮዋ መዳፋቸውን ስንዱ ሆድ ላይ አኑረው፣ ከላይ ወደ ታች እያስኬዱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የተራራው አዋላጅ እሳቸው እንደሆኑ ለማወቅ አስተርጓሚ አያስፈልግም። ዓይናቸውን ገልጠው እኔን አዩኝና «ቀሪብ» አሉ። ያልሰማሁ መስሏቸው እጃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ መሬት አመለከቱ፣ ደግመው «ቀሪብ፣ ቀሪብ» አሉ።

ስንዱ «ምን አሉ አባየ?» አለችኝ።

በግዕዝ ቅሩብ ነው። በአማርኛም ቅርብ። ሦስቱ ቋንቋዎች አንድ ቃል ሲናገሩ መሳሳት የለም። የልጄ መውለጃ ቅርብ ነው፤ ልጆቹ ከነገሩኝ ይልቅ በጣም ቅርብ ነው።

«ደኅና ነሽ አሉ» አልኋት።

እንግዲህ ይታያችሁ። የሰማነው ሁለታችን ነን፣ የገባው ለእኔ ብቻ ነው። ዝም ብል ማክሰኞ ስንዱ አውሮፕላን ላይ ከጎኔ ትቀመጣለች። ጥሩዬ በር ላይ እልል ትላለች። ይዣት እመጣለሁ ብዬ ይዣት መጣሁ ማለት ነው። ግን ከአዲስ አበባ ቢቸና ያለው መንገድ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ ቆሞ የዋለ መኪና፣ ደጀን ላይ ያደረ መንገደኛ ስንት አየን። ስንዱን በዚያ ቍልቍለት ላይ፣ ምጥ ይዟት፣ በሕዝብ ማመላለሻ ወንበር ላይ አየኋት።

ልጃቸው ሰዒድ ከታች ከከተማው አዲስ ጎማ ይዞ መጣ። እንግሊዝኛ ይችላል፤ ከአላምረው ጋር ጎማውን እየፈቱ ሲያወሩ ሁለቱም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ለካ በዓረብ ጆሮ ሞጣ «ሙታን» ማለት ነው። አባቱ ትናንት የጸለዩት፣ እንግዳዋ ደረታቸውን ይዘው «ሞተውብኛል፣ ሞተውብኛል» ያሉ መስሏቸው ነው።

እኔ የልቤን ያህል ሳቅሁ። እትየ ጠጄ ግን አልተቀየሙም። «ደግ አደረጉ፤ ባሌም እናቴም አሉበት። አሜን በልልኝ» አሉት ሰዒድን።

አቡ ሰዒድ ሌላ ሌሊት ካላደራችሁ ብለው ስላስማሉን፣ ዕቃችንን እዚያው ትተን ወደ ጫፉ ወጣን። ጫፉ ላይ የከተማው ሰው ሁሉ አለ። ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ሻይ በወረቀት ኩባያ ይዘው፣ እየተንቀጠቀጡ ፎቶ ይነሣሉ። እኔን በሸሚዝ ሲያዩ አንድ ሁለቱ አብረውኝ ተነሡ።

አላምረው ስልኩን አውጥቶ አንዴ ወደ ተራራው አንዴ ወደ ስልኩ እያየ ሳቀ። «አባባ፣ ይህ የአገሩ ትልቁ ተራራ ነው። ቆመንበት ያለው ግን ከቢቸና ገበያ ዝቅ ይላል።»

«ሞጣስ?» አሉ እናቱ።

«ከሞጣም ዝቅ ይላል።»

ለአንድ አፍታ እኔና እትየ ጠጄ የአንድ አገር ሰው ሆንን። ከሰው ተራራ ጫፍ በላይ ተወልደን ሳናውቀው አረጀን ማለት ነው። ብዙ የምናገረው ነበረኝ፤ ግን ወደ ምዕራብ ዞርሁ። ከሥራችን፣ ከገደሉ እግር ባሻገር፣ ባሕር ተኝቷል። ሰማይና ባሕር የተገናኙበትን ስፌት ፈለግሁ፤ የለውም። ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ በተራራው ትከሻ ላይ ስለተወለድን ቁመቱን አናየውም። ይህ ግን ከባሕሩ ከንፈር፣ ከምንም ተነሥቶ እዚህ ደረሰ። ከቢቸና ያንሳል፤ ተራራ ምን እንደሆነ ያሳየኝ ግን እሱ ነው።

እትየ ጠጄ ከባሕሩ ይልቅ ነገራቸው አስቸኩሏቸዋል። «እንግዲህ ማክሰኞ ከአያ ደምሌ ጋር ትሳፈር። እኔ ሐሙስ እከተላለሁ። ቢቸና ሞጣ የሚለውን እዚያው ስንደርስ እንከራከራለን» አሉ።

አላምረው አንገቱን አከከ። ስንዱ ባሕሩን ታያለች።

«ስንዱ ማክሰኞ አትሳፈርም» አልሁ።

ሁሉም ዞሩ። «ማን አለ?» አሉ እትየ ጠጄ።

«ኡም ሰዒድ ነገሩኝ። ቅሩብ ነው። ልጁ ደርሷል።»

«እንደ ላሕሙ እንዳይሆን ብቻ።»

«እንደ ላሕሙ አይደለም፤ አባየ ልክ ነው የሰሙት» አለች ስንዱ። እንባዋ ወረደ። ሐኪሙ አውሮፕላን ከልክሏታል። የእርግዝናውን ወር አሳንሰው የነገሩን፣ እንዳንጨነቅ ብለው ጀምረውት መመለሻ ያጡለት ነገር ነው። «ልንነግርዎት ነው ወደዚህ ያመጣንዎት። ከተማው ውስጥ ይከፋዎታል፤ ተራራ ላይ ሆነው ቢሰሙት ይቀልዎታል ብለን።»

ልጄ እኔን የምታውቅ ልጅ ናት። ቀለለኝ አልልም። ነጠላ ስላልያዝሁ በእጅጌዬ እንባዋን ጠረግሁላትና፣ «ከእናንተ በፊት አውቄዋለሁ» አልኋት። ያን ማለት ነበረብኝ።

እትየ ጠጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና፣ «እንግዲያው ሐሙስ አልሄድም። እሷ ሳትታረስ ወዴት እሄዳለሁ» አሉ። ልጁ ቢቸናም ሞጣም አይወለድም። አቻ ወጣን።

እሑድ

ቦሌ ላይ መቀሴን ወስደውብኛል፤ መርፌዬና ክሬ ግን ከኮቴ ገበር ሥር ተርፈዋል። በጧት የአቡ ሰዒድን ካፖርት ለመንሁና ደጅ ተቀመጥሁ። ገበሩን ሙሉ ለሙሉ ፈትቼ ዳግም ሰፍቼ፣ ክንዱን አጥብቄ፣ ኪሶቹን በድርብ ስፌት መለስሁላቸው። ክሩን በጥርሴ ቆረጥሁ፤ ጥርስ እስካሁን አለኝ። ሽማግሌው አጠገቤ ተቀምጠው መርፌዋን በዓይናቸው ይከተላሉ። ሲለብሱት ወገባቸውን አቀኑ፣ ክንዳቸውን አንሥተው አወረዱ፣ ባለቤታቸውን ጠርተው ዞረው አሳዩአቸው። ያችን ፍየል አልመለስሁም፤ የፍየል ዋጋ በካፖርት አይመለስም። ግን ያ ካፖርት ከእንግዲህ ከእሳቸው በፊት አይቀደድም።

ስንለያይ አቡ ሰዒድ ትከሻዬን ይዘው አንድ ቃል ፈለጉ፣ ከዚያም እየሳቁ «ላሕም» አሉኝ። እኔም «ላሕም» አልኋቸው። ኡም ሰዒድ ለስንዱ ማር በጠርሙስ ሰጧት፣ የእትየ ጠጄን እጅ ሳሙ። መንገዱን ወርደን አሸዋው ውስጥ ገባን፣ ከተማውም ከሩቅ እየበራ ተቀበለን። ሙቀቱ ሲመታኝ መስታወቱን አልከፈትሁም።

ማክሰኞ ብቻዬን ተሳፈርሁ። አዲስ አበባ ላይ መንገድ እስኪከፈት ጠበቅሁ፤ ዓባይን በሰላም ተሻገርሁ። ደጀን ስንወጣ ብርዱ በመስኮት ገብቶ አንገቴን ያዘኝ፤ ፈልጌው ሳልሄድ ራሱ መጣ። ከደጀን እስከ ቢቸና ለጥሩዬ የምናገረውን አዘጋጀሁ። የሐኪሙን ነገር፣ የመንገዱን ነገር፣ ግዕዝና ዓረብኛ እንዴት እንደሚገናኙ፣ ረጅም ነበር፣ ጥሩም ነበር።

ጥሩዬ በር ላይ ቆማ ነበር። እኔን አላየችኝም፤ ከኋላዬ ያለውን መንገድ ነው ያየችው። ባዶ መሆኑን ካየች በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«የት አለች?» አለችኝ።

ያዘጋጀሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ቅሩብ ናት» አልኋት።

ጥሩዬ ግዕዝ አታውቅም። ትንሽ አየችኝ፣ ወደ ጓዳ ገባች፣ ሰፌዱን አውርዳ የአራስ ገንፎውን ገብስ መልቀም ጀመረች።

«ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልግ» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።